የክንድ ነርቭ ሲጎዳ፦ የአዩርቬዳን ዘይት እቤት እንዴት እንደምንጠቀም

ባጃጁ ለገጣፎ መውጫ ላይ ሲገለበጥ በቀኝ ጎኔ ነው የወደቅኩት። የላይኛው ክንዴ አጥንት ተሰበረ። ጄሶ ታሰረልኝ፣ ሕመሙ ታገሰልኝ፣ እሰየው ብዬ ቤቴ ገባሁ። በማግስቱ ሊጠይቀኝ የመጣ ጎረቤት እጁን ሲዘረጋልኝ ግን የእኔ እጅ ከአንጓው ቁልቁል ተንጠልጥሎ ቀረ። ላቃናው ብል አይታዘዝም። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ሰላምታ የምሰጠው በክንዴ ነበር፣ እጁ እርጥብ የሆነ ሰው እንደሚያደርገው። «ምነው፣ እየበላህ ነው እንዴ?» ይሉኛል። እጄ ግን ንጹሕ ነበር።

የተጎዳው ራዲያል የሚባለው ነርቭ ነው። ይህ ነርቭ የላይኛውን ክንድ አጥንት ተጠምዝዞ ስለሚያልፍ አጥንቱ ሲሰበር አብሮ ይመታል። ጎረቤታችን ያሉ እናት ባለቤታቸውን ለማሳከም ሕንድ አገር ኬራላ ከርመው የመጡ ናቸው። እጄን አይተው «ልጄ፣ ይሄ ዘይት ይፈልጋል» አሉኝ። የአዩርቬዳን፣ ማለትም የጥንቱን የሕንድ ሕክምና፣ አሠራር ያሳዩኝም እሳቸው ናቸው። እኔ ደግሞ እያንዳንዱን ነገር ለፊዚዮቴራፒ ባለሙያዬ እየነገርኩ፣ አድርግ ያለኝን አደረግኩ፣ ተው ያለኝን ተውኩ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ሁሉንም አንድ ላይ ልጽፈው ብዬ ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ እወቁልኝ። ዘይት የተቆረጠ ነርቭ አይቀጥልም። ነርቭ ቶሎ እንዲያድግ ያደርጋል የሚል ጠንካራ ማስረጃም የለም። ዘይቱና ሙቀቱ የሚጠቅሙት ነርቩ በራሱ ጊዜ እስኪመለስ ድረስ እጁ እንዳይደርቅ፣ መገጣጠሚያው እንዳይቆልፍ፣ እናንተም እጃችሁን እንዳትረሱት ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነርቩ ተመልሶ ጣቱ ደርቆ ከጠበቀው ምን ዋጋ አለው?

መጀመሪያ የትኛው «ሥር» ነው?

በእኛ ሰፈር «ሥር» የማይባል ነገር የለም። የደም ሥርም፣ ጅማትም፣ ነርቭም ሥር ነው። «ሥሩ ዞሯል» ተብሎ ሲታሽ የትኛው እንደዞረ የሚያውቅ የለም። ጅማት ጡንቻን ከአጥንት ጋር የሚያስር ገመድ ነው። ነርቭ ደግሞ ትእዛዝ የሚያወርድና ስሜት የሚያወጣ ሽቦ ነው በሉት። ገመድ ሲጎዳና ሽቦ ሲጎዳ መላው አንድ አይደለም።

እቤት ቁጭ ብላችሁ ይህን ሞክሩ። አውራ ጣታችሁን «ጎበዝ» እንደሚባለው ወደ ላይ ቀስሩ፣ አንጓችሁንም ወደ ላይ አንሱ። እምቢ ካለ፣ ከእጅ ጀርባ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለው ቦታም ከደነዘዘ፣ ራዲያል ነው። የአውራ ጣታችሁን ጫፍ ከትንሿ ጣት ጫፍ ጋር ማገናኘት ካቃታችሁ፣ ከአውራ ጣት እስከ መሐል ጣት ድረስ በመዳፍ በኩል ከደነዘዘ፣ ሚዲያን የሚባለው ነው። ጣቶቻችሁን እንደ ማራገቢያ መበተን ካልቻላችሁና ትንሿ ጣት ከነጎረቤቷ ግማሽ ከደነዘዘች አልናር ነው። ክርናችን ጠረጴዛ ሲመታ እስከ ትንሿ ጣት ድረስ የሚነዝረን እሱ ነው። ትከሻውም ክርኑም ጣቱም አንድ ላይ ከዛለ ነገሩ ከአንገት ሥር ከሚወጡት ነርቮች ሊሆን ይችላልና ወደ ሐኪም ፍጠኑ።

ይህ ሙከራ ለሐኪም በትክክል ለመናገር ይረዳችኋል እንጂ ምርመራን አይተካም።

ዘይት የማይነካበት ጊዜ

እዚህ ላይ አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ፣ ሰው እጁን የሚያጣው እዚህ ላይ ነውና።

በመስታወት፣ በቢላዋ ወይም በብረት መቁረጫ ማሽን የተቆረጠ እጅ ከደነዘዘ ነርቩ ተቆርጧል ብላችሁ ጀምሩ። እዚህ ከከተማ ወጣ ባለው አካባቢ ግንባታ የማይሠራበት መንደር ስለሌለ በየሳምንቱ የምናየው አደጋ ነው። ቁስሉ ላይ ቆዳው ተሰፍቶ «አለቀ» ከተባላችሁ «ነርቩስ ታይቷል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ንጹሕ ቁርጥ በቀናት ውስጥ ቢሰፋ ነው የሚሻለው።

ወጌሻ ጋ ሄዳችሁ ታስራችሁ ከሆነ፣ ሕመሙ ከመብረድ ይልቅ እየባሰ ከሄደ፣ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ከደነዘዙ እስሩን አሁኑኑ ፍቱት። ነገ አይባልም። ጥብቅ እስር ደም ሲዘጋ ጡንቻና ነርቭ በሰዓታት ውስጥ ይሞታሉ። ፈትታችሁ በቀጥታ ሆስፒታል። ወጌሻን ለማጣጣል አይደለም፤ ያደግነው በእነሱ እጅ ነው፣ የእኔም አያት በወጌሻ ድነዋል። ግን እስር እስር ነው፣ ማንም ይሰረው ማን።

ሳይወድቁ ሳይመቱ ቀስ በቀስ የደነዘዘ እጅም ዘይት ከመቀባቱ በፊት ይመርመር። የስኳር በሽታ እንዲህ ያደርጋል። የቢ12 እጥረትም እንዲሁ፤ ይህ ቫይታሚን በተፈጥሮው የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ስለሆነ ዓመቱን ሙሉ ከሥጋና ከወተት የሚርቅ ሰው ያስብበት። የቲቢ መድኃኒት የሚወስድ ሰውም እጁ ወይም እግሩ ከደነዘዘ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ለሰጡት ባለሙያዎች ይንገር፣ ቢ6 ሊያስፈልገው ይችላል። ቆዳ ላይ ፈዘዝ ያለ፣ ሲነካ የማይሰማ ምልክት ካለ ደግሞ ሥጋ ደዌ ሊሆን ይችላል። እዚሁ ዘነበወርቅ ያለው አለርት በ1965 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም ለዚህ ሕመም ነበር። ሥጋ ደዌ ይድናል፣ መድኃኒቱም በነጻ ነው የሚሰጠው፤ ነርቭ የሚበላው ዝም ሲባል ነው።

ሲወለድ ትከሻው ተጎትቶ እጁ የዛለ ጨቅላ ካላችሁም በቅቤ አሽታችሁ አትጎትቱት። ቶሎ ለሕጻናት ሐኪም አሳዩት። ብዙዎቹ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይሻላቸዋል፣ የማይሻላቸውን መለየት ግን የባለሙያ ሥራ ነው።

ለምን ዘይት? ለምን ሙቀት?

የአዩርቬዳ ሰዎች እንዲህ ያለውን ጉዳት የሚመድቡት ቫታ ከሚሉት ነገር ነው። ቫታ ነፋስ ማለት ነው። ደረቅ፣ ቀዝቃዛ፣ ቀላል፣ ሻካራ፣ የማይረጋ። ጥንታዊው የቻራካ መጽሐፍ በሕክምናው ክፍል 28ኛውን ምዕራፍ ለቫታ ሕመሞች ሰጥቷል፤ የሱሽሩታ መጽሐፍ ደግሞ ክንድ የሚያዝሉትን አፓባሁካና ቪሽዋቺ ብሎ በስም ይለያቸዋል። ጎረቤቴ ይህን ሲነግሩኝ እናቴ ከጎን ሆና «ብርድ ነዋ!» አለች። ልክ ናት፣ ቢያንስ እንዲህ ሲታሰብ ይገባናል። እኛ ፊት ሲጣመም፣ ወገብ ሲያዝ «ብርድ መታኝ» እንላለን፤ እነሱም ነፋስ ገባ ይላሉ። መድኃኒቱም በተቃራኒው ነው፦ ለደረቁ ቅባት፣ ለቀዝቃዛው ሙቀት፣ ለማይረጋው እርጋታ።

ይህ የእነሱ አነጋገር ነው። ነርቭ በነፋስ አይቆረጥም። ግን የዛለ እጅ በእውነትም ይቀዘቅዛል፣ ቆዳው ይደርቃል፣ ጡንቻው ይሟሽሻል፤ በተለይ እዚህ ከኮተቤ ወዲያ ማታ ማታ ንፋሱ ሲነሳ የኔ እጅ እንደ በረዶ ነበር የሚሆነው። ዘይቱ የሚያግዘው እዚህ ላይ ነው።

ዘይቱና አሠራሩ

ክሺራባላ፣ ማሃናራያና የሚባሉት የአዩርቬዳ ዘይቶች መሠረታቸው ሰሊጥ ነው። ክሺራባላ ለምሳሌ ባላ የተባለ ተክል ሥር ከሰሊጥ ዘይትና ከወተት ጋር ተፈልቶ የሚወጣ ነው። እነሱን ለማስመጣት አትጨነቁ። የሁመራ ሰሊጥ እያለን ምን አሳጣን? ሳይቆላ የተጨመቀውን ጠይቁ፤ የተቆላው ጠቆር ይላል፣ ሽታውም ይከብዳል። ለአንድ ክንድ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ለሰሊጥ የሚቆጣ ሰውነት ስላለ መጀመሪያ በደህናው ክንድ ውስጠኛ በኩል ጠብታ ቀብታችሁ አንድ ቀን ጠብቁ።

የምትጀምሩት ሐኪሙ አጥንቱ መያዙን ነግሯችሁ «መነካካት ትችላለህ» ሲላችሁ ነው። ስፌት ካለ ተፈትቶ፣ ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ገጥሞ። ትኩሳት ካላችሁ፣ ክንዱ ቀልቶ ካበጠና ከጋለ ተዉት። እንደበላችሁም አይደለም፤ ጠዋት ከቁርስ በፊት ወይም አመሻሽ ላይ ይሻላል።

ዘይቱን እሳት ላይ አትጣዱት። ሲኒ ውስጥ አድርጉና ሲኒውን ሙቅ ውሃ ባለበት ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አቁሙት፣ 5 ደቂቃ። ከዚያ ሙቀቱን በደህናው እጃችሁ ሞክሩ። ይህን ደግሜ እላለሁ፦ በደህናው እጅ። የደነዘዘ ቆዳ «አቃጠለኝ» አይልም። እኔ በመጀመሪያው ሳምንት የእጄን ጀርባ ከጀበና ጋር አስጠግቼ ቆይቼ፣ ያወቅኩት ውሃ የቋጠረ ቆዳ ሳይ ነው። ምንም አልተሰማኝም ነበር።

ክንዱን ትራስ ላይ አሳርፉ፤ እጁ ወደታች ተንጠልጥሎ አይታሽም። ረጅሙን አጥንት በረጅሙ፣ መገጣጠሚያውን ክብ ክብ እያደረጋችሁ፤ የአዩርቬዳው ሕግ ይኸው ነው፣ ለማስታወስም ቀላል ነው። እጁ ካበጠ ከጣት ወደ ትከሻ ግፉ። ትከሻ፣ የላይኛው ክንድ፣ ክርን፣ ታችኛው ክንድ፣ አንጓ፣ ከዚያ እያንዳንዱን ጣት ለብቻ ከሥሩ እስከ ጫፉ። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለው ሥጋማ ቦታ ላይ ስትደርሱ ረጋ በሉ። ሱሽሩታ በሰውነት ላይ 107 ማርማ ይቆጥራል፣ ማርማ ማለት ሲጎዳ ብዙ የሚያስከፍል ስስ ቦታ ነው፤ ይህ ቦታ ክሺፕራ ይባላል። ስለዚህ በሙሉ መዳፍ፣ በለስላሳው።

ሊጥ እያሻችሁ አይደለም! በኃይል የታሸ ክርን በተለይ አደጋ አለው፤ ተጎድቶ የነበረ ጡንቻ ውስጥ አጥንት እንዲበቅል ሊያደርግ ይችላል፣ ያኔ ክርኑ ጨርሶ አይታጠፍም። ካመማችሁ ኃይሉ በዝቷል ማለት ነው። 15 ደቂቃ ይበቃል። እኔን የምታሸኝ ባለቤቴ ነበረች፣ ዜና እያዳመጠች፣ ዜናው ሲያልቅ እሷም ትጨርሳለች።

ቀጥሎ ሙቀት። ኬራላ ውስጥ በእንፋሎት ያላብሳሉ፣ ወይም ሩዝ በወተትና በባላ ሥር ውሃ ቀቅለው በጨርቅ ቋጥረው በቋጠሮው ያሹበታል። እቤት ግን ፎጣ በሞቀ ውሃ ነክሮ፣ ጥሩ አድርጎ ጨምቆ፣ በደህናው እጅ ለክቶ መጠቅለል ይበቃል። 10 ደቂቃ፣ በየመሐሉ ገልጣችሁ ቆዳውን እያያችሁ። እንፋሎት የሚተፋ ማንቆርቆሪያ ላይ የደነዘዘ እጅ መደቀን የለም። የሩዙን ቋጠሮ እኔም ሁለት ጊዜ ሞክሬዋለሁ፣ ደስ ይላል፣ ግን ከፎጣው የተለየ ነገር አላየሁበትም፤ ወተቱን ልጆቹ ቢጠጡት ይሻላል።

አሁን እጁ ሞቋል፣ ለስልሷል። ዋናው ሥራ የሚጀመረው አሁን ነው፣ እዚህ ላይ ደክሞት የሚተኛ ሰው ዘይቱን በከንቱ አፈሰሰው። በደህናው እጃችሁ የዛለውን አንጓ ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ አንሱ፣ 5 ድረስ ቁጠሩ፣ መልሱ። ጣቶቹን አንድ በአንድ ዘርጉ፣ እጠፉ። አውራ ጣቱን ወደ ውጭ ክፈቱ። እያንዳንዱን 10 ጊዜ፣ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ፣ ዘይት ባይኖርም ጭምር። ስታነሱት እናንተም አብራችሁ ለማንሳት ሞክሩ፣ ምንም ባይንቀሳቀስም። ቀስ ብሎ፣ በኃይል ሳይጎተት።

ከዚያ ዘይቱን በሽምብራ ዱቄትና በለብ ያለ ውሃ አስለቅቁት። ሕንዶቹም እንዲሁ ያደርጋሉ፣ ቆዳን እንደ ሳሙና አያደርቅም። አድርቁት፣ ረጅም እጅጌ ልበሱ ወይም ጋቢ ደርቡ፣ የአንጓ መደገፊያችሁን መልሱ። መደገፊያው ትልቅ ነገር ነው። ለተንጠለጠለ እጅ አንጓውን ቀና አድርጎ ይይዘዋል፣ ጅማቱም ተስቦ እንዳይላላ ያደርጋል። አንድ ነገር ላሳያችሁ፦ የዛለውን እጃችሁን አንጓ በደህናው እጅ ቀና አድርጋችሁ ያዙና ጣታችሁን ጨብጡ። ጉልበት አለ፣ አይደል? መደገፊያውን ባደረግኩበት ቀን እንጀራ በቀኝ እጄ ቆረስኩ። ወጡ ተንጠባጠበ፣ ግን ቆረስኩ።

የማይዋጥ፣ የማይጨመር

ዘይቱ ላይ ያለኝ ልብ ክፍት ነው፣ በሚዋጠው ላይ ግን አይደለም።

አንዳንድ የአዩርቬዳ መድኃኒት ባስማ የሚባል ከተቃጠለ ብረታ ብረት የሚሠራ ዱቄት ይገባበታል። በ2004 እ.ኤ.አ. ቦስተን አካባቢ ካሉ ሱቆች ተገዝተው የተመረመሩ 70 የአዩርቬዳ ምርቶች ነበሩ፤ 14ቱ ውስጥ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ ተገኝቷል። አሁን ይህን ስሙ። እርሳስ ሰውነት ውስጥ ሲጠራቀም ከሚታወቅባቸው ምልክቶች አንዱ የእጅ አንጓ መውደቅ ነው። የሚመታው ያንኑ ራዲያል ነርቭ ነው! እጄን ያድነዋል ብላችሁ የምትውጡት ዱቄት እጃችሁን ሊጥለው ይችላል። ሰው በሻንጣ ያመጣውን፣ በስልክ ማስታወቂያ የሚሸጠውን፣ ምን እንዳለበት ያልተጻፈበትን ክኒን አትንኩ።

አሽዋጋንዳ ሲሉ የምትሰሙት ሌላ ሳይሆን የእኛ ግዛዋ ነው። አጥር ጥግ የሚበቅለው። «እንግዲያው ሥሩን ልቆፍር» እንዳትሉ። አሽዋጋንዳ ጉበት የጎዳቸው ሰዎች ተመዝግበዋል፣ የታይሮይድ፣ የስኳርና የእንቅልፍ መድኃኒት ከሚወስዱ ሰዎች ጋር አይስማማም፣ ነፍሰ ጡር ደግሞ ጭራሽ አትነካውም። በአፍንጫ ዘይት ማንጠባጠብና በፊንጢጣ ዘይት መስጠትም የአዩርቬዳ ዋና ሕክምናዎች ናቸው፤ እነዚህ በሠለጠነ ሐኪም እጅ የሚሠሩ ናቸው። በአፍንጫ የገባ ዘይት ሳንባ ውስጥ ወርዶ ሊያሳምም ይችላል። ሕንድ ለመሄድ አቅሙ ያላችሁ ካላችሁ እዚያ አዩርቬዳ ዩኒቨርሲቲ ተምረው ዲግሪ የሚይዙበት ሙያ ነው፤ የሐኪሙን ምዝገባ ጠይቁ፣ የነርቭ ምርመራ ውጤታችሁንም ይዛችሁ ሂዱ።

መጠበቁስ እስከ መቼ?

እንግሊዛዊው ሐኪም ኸርበርት ሴደን በ1943 እ.ኤ.አ. የነርቭ ጉዳትን በሦስት ከፈለው። የመጀመሪያው ነርቩ ተጨፍልቆ ሥራ ያቆመበት ነው፤ ወንበር ላይ ክንዱን አንጠልጥሎ እንቅልፍ የወሰደው ሰው ዓይነት። በሳምንታት፣ ቢበዛ በ3 ወር አካባቢ ይመለሳል። ሁለተኛው የውስጡ ክር ተቆርጦ ሽፋኑ የቀረበት ነው፤ ክሩ በሽፋኑ ውስጥ እንደገና ያድጋል፣ በቀን ወደ 1 ሚሊ ሜትር። ሦስተኛው ጨርሶ የተቆረጠ ነው፣ ያለ ቀዶ ጥገና አይሆንም።

በቀን 1 ሚሊ ሜትር ምን ማለት እንደሆነ በሜትር ለኩት። ክርን ላይ የተጎዳ አልናር ነርቭ እስከ ትንሿ ጣት ድረስ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢሄድ 400 ቀን ነው። ከዓመት በላይ። ጡንቻ ደግሞ ያለ ነርቭ ለዘላለም አይጠብቅም፣ ከ12 እስከ 18 ወር ካለፈ ነርቩ ቢደርስም ጡንቻው አይቀበለውም። ስለዚህ ትዕግሥት ያስፈልጋል፣ መዘናጋት ግን አይቻልም። እንደ እኔ አጥንት ተሰብሮ ራዲያል የተጎዳባቸው ከ10 ሰው 7ቱ ገደማ ያለ ቀዶ ጥገና ይመለሳሉ። 3ቱ ውስጥ መሆናችሁን በጊዜ ማወቅ አለባችሁ።

ከጉዳቱ 3 ወይም 4 ሳምንት በኋላ የነርቭና የጡንቻ ምርመራ፣ ኢኤምጂ የሚባለውን፣ ጠይቁ፤ ከዚያ በፊት ቢሠራ ብዙ አይናገርም። እቤት ደግሞ ይህን አድርጉ። በነርቩ መስመር ላይ ከታች ወደ ላይ በጣታችሁ ጫፍ ቀስ እያላችሁ አንኳኩ። የሆነ ቦታ ላይ እጃችሁ ድረስ ኤሌክትሪክ እንደነካችሁ ንዝር ይላል። እዚያ ላይ በስክሪፕቶ ምልክት አድርጉ፣ ከክርን ያለውን ርቀት ለክታችሁ ቀኑን ጻፉ። በወሩ ድገሙት። ነጥቡ ወደ ታች 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ከወረደ ነርቩ እየሄደ ነው። የእኔ ወረቀት አሁንም ማቀዝቀዣው በር ላይ አለ። 3 ወር ሞልቶ ነጥቡም ካልተነቃነቀ፣ ጡንቻም ምንም ካላለ፣ ዘይቱን ይዛችሁ አትቀመጡ፣ ቀዶ ጠጋኝ እንዲያያችሁ ሪፈር አጽፉ። ነርቩ ባይሆን እንኳ ደህና ጅማት አዛውሮ አንጓን የሚያነሳ ቀዶ ጥገና አለ።

የእኔ አንጓ በ4ኛው ወር ነው ከትራስ ላይ የተነሳው። ከስንዴ ፍሬ ውፍረት አይበልጥም፣ ባለቤቴ ግን አይታ እልል አለች። ጣቶቹ ቆይተው መጡ፣ አውራ ጣት ከሁሉም መጨረሻ።

ስሜቱ ሲመለስ ሌላ ሥራ አለ። መጀመሪያ የሚመጣው ማሳከክ፣ መንዘር፣ ልብስ ሲነካው እንኳ መቆጣት ነው። አትሽሹት። ጥጥ አንሱና ዳብሱት፣ ሲለምደው የነጠላ ጥለት፣ ከዚያ ሻካራ ፎጣ። በኋላም ሦስት ሳህን አምጡ። አንዱ ላይ ጤፍ፣ አንዱ ላይ ምስር፣ አንዱ ላይ ባቄላ። ዓይናችሁን ጨፍኑና እጃችሁን አግቡ፣ የቱ እንደሆነ ገምቱ፣ ገልጣችሁ እዩ፣ እንደገና ጨፍኑ። ባቄላው ቶሎ ይለያል። ጤፉ ወራት ይፈጃል። በቀን 10 ደቂቃ፣ ከዘይቱ በኋላ፣ እጁ ገና ሞቆ ሳለ።